ስልኩ ሳሎን ያድራል

ይህ ሕመም ያስወጣኝን ከሁሉ በፊት ልናገር፤ ነጋዴ ነኝ፣ ዋጋው ያልታወቀ ነገር አይጥመኝም። ለፋሲካ ይሆናል ብዬ ያደለብኩት አንድ ወይፈን፣ ተቆፍሮ የፈረሰ አንድ ደጃፍ፣ የሁለት ዓመት እንቅልፍ፣ ከባለቤቴ ትዕግሥት ደግሞ ግማሹ። ግማሹ ያልኩት ሌላው ግማሽ ስለተረፈ ነው። እሱም ባይተርፍ ኖሮ ይህን የምጽፈው ከኪራይ ቤት ሆኜ ነበር።

አበጀ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እህል እነግዳለሁ። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ የተማርኩትን የተማርኩት ሚዛን አጠገብ ቆሜ ነው። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት እንደ እኔ ሌሊቱን ዓይኑን አፍጥጦ የሚያድር ሰው ካለ፣ እኔ የዞርኩትን ሁሉ ሳይዞር ቢድን ብዬ ነው።

ጤፍ የማመጣው ከቁይ ገበያ ነው። በገበያው ቀን የሚሄደው አይሱዙ ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሳ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መንቃት ግድ ነው። ድሮ የሚቀሰቅሱኝ ጎረቤቴ መሪጌታ ልሳነወርቅ ነበሩ። የቅኔ መምህር ናቸው። ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የቆርቆሮ በሬን በመቋሚያቸው ኳ ኳ ያደርጉና «አበጀ፣ ነግቷል!» ብለው ያልፋሉ። አልነጋም። ነገር ግን መሪጌታ ነግቷል ካሉ ተነስቶ ሱሪ መታጠቅ ነው።

ከዚያ ባሕር ዳር የምትሠራው ልጄ ስማርት ስልክ ላከችልኝ። «አባባ፣ አላርም አለው። ከእንግዲህ እኚያን ሽማግሌ አታስቸግር» አለች። እኔም ሄጄ «መሪጌታ፣ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ አይድከሙ፤ የሚቀሰቅሰኝ ስልክ አግኝቻለሁ» አልኳቸው።

«እኔ የምደክመው ወደ እግዚአብሔር ቤት ነው» አሉ። «በርህ መንገዴ ላይ ስላለች ነው የማንኳኳት። ቢሆንም ስልክህ ከቻለ ይሞክረው።»

ስልኩ በመጀመሪያው ቀን አልቻለም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። እኔ ለሌሊቱ አሥር ሰዓት ብዬ አሥር ላይ ሞላሁት። ስልኩ ለካ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ኖሯል። የእኛ ጠዋት አራት ሰዓት ለእሱ አሥር ነው። አይሱዙው ጥሎኝ ሄዶ፣ አርፍጄ ተነስቼ፣ ሱቅ ከፍቼ፣ ሦስት ደንበኞች ፊት ጤፍ እየሰፈርኩ ሳለ ስልኩ ከኪሴ ውስጥ ዶሮ ሆኖ ጮኸ።

«ጋሽ አበጀ፣ የእርስዎ ዶሮ ለጤፍ ነው እንዴ የሚጮኸው?» አለ አንዱ።

ልጄ በስልክ እየነገረችኝ ሰዓቱን አስተካከልኩ። ስልኩ ተስተካከለ፤ እኔ ግን አልተስተካከልኩም። አንዴ የከዳህን ሰው ዳግመኛ አታምነውም። ትራሴ አጠገብ አስቀምጬው እተኛለሁ፤ ዘበኛ ቀጥሮ ዘበኛውን ሲጠብቅ እንደሚያድር ሰው ስልኩን ስጠብቅ አድራለሁ። ደረሰ ወይስ ገና ነው? ስል እነካዋለሁ፤ ይበራል። ገና ነው። ከበራ ደግሞ መቼም ዝም አይባልም፤ የእህል ነጋዴዎች ግሩፕ አለን፣ አንዱ ከአዲስ አበባ የስንዴ ዋጋ ጽፏል። ዋጋው ከወረደ በክስረቱ፣ ከወጣ ደግሞ ትናንት በመሸጤ እቃጠላለሁ። መብራት ሲጠፋ ቻርጁ ያልቅ ይሆን ብዬ እነቃለሁ። መብራት ሲመጣ ስልኩ ራሱ ጢው ብሎ ፊቴ ላይ ያበራል። በገበያ ቀን የጀመርኩት ነገር ቀስ በቀስ የየሌሊቱ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ግን ይህን ከሕመም ጋር የሚያገናኘው ማን ነው? ሰዓት ማየት በሽታ ነው ያለ ሰው አልሰማሁም።

ሕመሙ የጀመረው በራስ ምታት ነው። ቀጥሎ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ቆረቆረኝ። ከዚያ ልቤ ያለ ሥራው መምታት ጀመረች፤ ጋደም ስል ድው ድው ትላለች። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የሚዛኑ ቀስት ቆሞ እኔ እወዛወዛለሁ። አንድ ቀን ቁይ ላይ ለአንድ ገበሬ ሒሳቡን ከፍዬ ወዲያው መልሼ መቁጠር ጀመርኩ። ሰውየው እጄን ያዘኝና «ጋሼ፣ ከፍለውኛል እኮ። ደህና አይደሉም መሰል፣ እስቲ ይቀመጡ» አለኝ። የራሱን ጋቢ አንጥፎ አስቀመጠኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። በየገበያው ቀን እፈልገዋለሁ፤ እስካሁን አላገኘሁትም።

ያንን ሁሉ ያባሰው ፍርሃት ነው። ታላቅ ወንድሜ ራቱን በልቶ፣ ስቆ ተጫውቶ፣ ደህና እደሩ ብሎ ተኛ። ጠዋት አልተነሳም። ልብ ነው አሉ። ስለዚህ ልቤ ስትመታ የምትጠራኝ የሚመስለኝ ወንድሜ ወደሄደበት ነበር። ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ የልቤን ምት እቆጥራለሁ። ሰዓቱን በምን እያየሁ? በዚያው በስልኩ። ባለቤቴ የሺ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። እኔ ደግሞ በሕመሜ የተሰላቸች መስሎኝ እከፋ ነበር።

ሕክምና ጀመርኩ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን አይቶ ታይፎይድ ነው አለኝ። እኛ ዘንድ ታይፎይድ አለብህ ያልተባለ ሰው ካለ ክሊኒክ ያልረገጠ ሰው ነው። መርፌዬን ጨረስኩ፤ መቀመጫዬ ላይ እብጠት ተጨመረልኝ እንጂ ልቤ እንደዚያው ናት። ሁለተኛው ጨጓራ ነው አለና በርበሬና ቡና ከለከለኝ። ሦስተኛው የደም ግፊትህ ከፍ ብሏል ብሎ ጨው ከለከለኝ። አልጫውን ያለ ጨው ፊቴ ስታቀርብልኝ የሺ «እንግዲህ አራተኛው እንጀራውን ይከለክልሃል፤ እኔም አርፋለሁ» አለች። ሳቅኩ። ማታ ግን ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ስታለቅስ ሰማኋት። ወይፈኑ የተሸጠው በዚያው ሰሞን ነው።

ሐኪሞቹን አልወቅስም። የጠየቁኝ የት እንደሚያመኝ ነው፤ እኔም የነገርኳቸው የሚያመኝን ነው። እንዴት ታድራለህ ሲሉኝም «ያመኛልና አልተኛም» እል ነበር። አልተኛምና ያመኛል ማለት በሐሳቤ አልመጣም።

በመጨረሻ ጠበል ገባሁ፤ ዲማ አካባቢ። እዚያ ሥርዓቱ ጥብቅ ነው፤ ስልክ ይዞ መግባት የለም። በሩ ላይ ያሉት አባት የሁሉንም እየተቀበሉ ከረጢት ውስጥ ይከታሉ። «አባቴ፣ እኔ እንኳ ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋ እንዳያመልጠኝ» ብላቸው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ዋጋው ሲያመልጥህ ትድናለህ፤ ቀጥል፣ የሚቀጥለው!» አሉ። ያኔ ስድብ መስሎኝ ነበር።

ሳር ላይ ነው የተኛሁት። ከግራዬ የሚያቃስት፣ ከቀኜ የሚያንኮራፋ፤ ከማዶ የአብነት ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሲያዜሙ ይሰማል። እንደ ሕፃን ተኛሁ። ደወል ሲደወል እነቃለሁ፣ እጠመቃለሁ፣ አምላኬን አመሰግናለሁ፣ ቆሎዬን እበላለሁ፣ ደግሞ እተኛለሁ። ሱባኤው ሲያልቅ እጄ መንቀጥቀጡን ትቶ ነበር። እያለቀስኩ ተሳልሜ፣ ስልኬን ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ። የሺ እልል አለች።

በሦስተኛው ቀን ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረች።

እዚህ ላይ ዘለቀን ላስተዋውቃችሁ። ዘለቀ የዱሮ ወዳጄ ነው፣ ሥራው የቤት ድለላ ነው። ሊጠይቀኝ መጥቶ ታሪኩን ሰማና ጣቱን አነሳ።

«አቤ፣ ጠበሉ አድኖሃል። ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«ቤትህ ስትገባ አገረሸብህ። ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«እንግዲያው ምን ዶክተር ያስፈልጋል? ቤቱ ነው! የተቀበረበት ነገር አለ።»

እናንተ ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ አነጋገሩ እንደ ሒሳብ ነበርና። ጠበል ቦታ ጤና፣ ቤቴ ሕመም፤ ቀንሰህ ስታየው የሚቀረው ቤቱ ነው። መተት ነው፣ አንዱ ምቀኛ ደጃፌ ላይ ቀብሮብኛል አልኩ። በማግስቱ ቆፋሪ ቀጠርኩና የሲሚንቶ ደጃፌን አስፈረስኩ። ጉልበት ድረስ ሲቆፈር አንድ የዛገ ነገር ወጣ። ቆፋሪው ዶማውን ጥሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ዘለቀ አማተበ። እኔ ወንድሜን አሰብኩ።

የሺ መጥታ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ማንኪያዬ!» አለች።

«አትንኪው!» አለ ዘለቀ።

«ምን አትንኪው ይለኛል፣ የራሴን የወጥ ማንኪያ! ቤቱ ሲሠራ የጠፋኝ ነው። ግንበኞቹ ሲሚንቶ አቡክተውበት ጥለውት ነው። ስንት ዓመት ሠራተኛዋን ስጠረጥር!»

«የሺ፣ ማንኪያ ያለ ነገር በር ሥር አይገኝም» አለ ዘለቀ።

«ደላላም ያለ ነገር በሰው በር አይገኝም» አለችው።

ዘለቀ ግን ገዢ አምጥቶ ነበር፤ ጥሩ ገዢ። ቤቱ ይሸጥ፣ ሌላ እንከራይ፣ ነፍሴ ትትረፍ አልኩ። ቤቱን የሠራነው እኔና የሺ ነን፤ እሷ ጠላ ሸጣ፣ እኔ ጆንያ ተሸክሜ። ልጆቻችን የተወለዱት እዚያ ነው። የሺ ብዙ አልጮኸችም፤ ሁለተኛውን ጉርሻ እንኳ ሳትጎርስ ከገበታው ተነሳችና «እሺ፤ ቤቱ ገሎህ ከምቀበርህ ይሸጥ። ግን ከመፈረምህ በፊት አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ሆስፒታል አብረን እንሂድ። እስከዛሬ ብቻህን ነው የሄድከው። አሁን እኔም እገባለሁ» አለች። ትዕግሥቷ ግማሽ የሆነው ያን ቀን ነው።

ሆስፒታል ሄድን። ወረፋው ግቢውን ዞሯል። አግዳሚው ላይ ከአማኑኤል ከተማ የመጡ አንድ አዛውንት አጠገቤ ነበሩ።

«ምንህን ነው የሚያምህ?» አሉኝ።

«ሁሉንም።»

«እንግዲያው ከእኔ በፊት ግባ። የእኔ ጉልበቴን ብቻ ነው» አሉና ሳቁ። ጥቂት ቆይቶ ራሴ ሲወድቅ አይተው «ተደገፍ፣ ትከሻዬ አያመኝም» አሉኝ። የሺ ካርዱንም፣ የቀድሞ ምርመራዎቹንም፣ ስልኬንም በቦርሳዋ ይዛለች። በማላውቃቸው ሰው ትከሻ ላይ ተኛሁ። የሚጮኽ ሕፃን፣ ስም የሚጠራ ሰው፣ የሚንኳኳ በር፤ አንዱም አልቀሰቀሰኝም። ስሜ ሲጠራ የሺ ነች የነቀነቀችኝ። አዛውንቱ ትከሻቸውን እያሹ «ወንድሜ፣ በሽታህ እንቅልፍ ይመስላል» አሉ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ልጄን ታክላለች። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ልቤን አነሱ፤ ደሜን፣ ስኳሬን፣ እንቅርት እንዳይኖርብኝም አንገቴን አዩ። ወረቀቶቹን አገላብጣ «አባቴ፣ ልብዎ ጤነኛ ናት» አለች።

ይህን ቃል ለመስማት ወይፈን ሸጫለሁ። ስሰማው ግን አላመንኩም። «ታዲያ ሌሊት ሌሊት ለምን ትደልቃለች?» አልኩ።

«ሌሊት ብቻ ነው?»

«ሌሊት። ጠበል በገባሁ ጊዜ ተሽሎኝ ነበር፤ ቤቴ ስገባ አገረሸብኝ።»

«ጠበል ቦታ ይተኙ ነበር?»

«እንደ ድንጋይ።»

«ዛሬም ወረፋ ላይ ሲተኙ አይቻለሁ» አለች። «እዚያ ተኙ፣ እዚህ ተኙ፤ ቤትዎ ግን አይተኙም። ታዲያ ቤትዎ ውስጥ ያለ፣ እዚያም እዚህም የሌለ ነገር ምንድን ነው?»

«መተት» አልኩ።

«ስልኩ» አለች የሺ።

የሺ ቦርሳዋን ከፍታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ዶክተርዬ፣ ይሄው የተቀበረብን። ሌሊቱን ሙሉ ያበራዋል፣ ያጠፋዋል። ስንት ሰዓት ነው ይላል፣ ያያል፤ ገና ነው ይላል። ከዚያ ስንዴ ይላል። ከዚያ ዞሮ ያያል። እኔ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ነው የማድረው። ብነግረው 'ለሥራ ነው' ይለኛል።»

ነጠላዋ ያኔ ገባኝ።

ዶክተሯ አልሳቀችብኝም። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሰው እንቅልፉ በተቆራረጠ ቁጥር ገላው እንደ ዘበኛ ተጠንቅቆ እንደሚያድር፣ ልብ የምትደልቀው፣ ግፊት የሚጨምረው፣ ራስም ጨጓራም የሚያመው በዚያ ሊሆን እንደሚችል፣ ሰዓት እያዩ የቀረውን መቁጠር ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ እንደሚያባርር ነገረችኝ። «መድኃኒት አልሰጥዎትም። ስልኩ ከመኝታ ቤት ይውጣ» አለች።

ነጋዴ ነኝ፤ ያለ ክርክር አልገዛም። «ትራስ ሥር ባደርገውስ?»

«አይሆንም።»

«በግንባሩ ልድፋው?»

«አባቴ፣ ሌላ ክፍል።»

«እሺ፣ በገበያ ቀን ብቻ አጠገቤ ይደር።»

«በገበያ ቀንም ሌላ ክፍል። ለአንድ ወር ይሞክሩት። ካልተሻለዎት ይምጡና ደግሞ እናያለን።»

«ማን ሊቀሰቅሰኝ?»

«ከስልኩ በፊት ማን ነበር የሚቀሰቅስዎት?» አለች።

መሪጌታ ዘንድ የሄድኩት አመሻሽ ላይ ነው። ከደጃቸው ተቀምጠው ነበር። ስልክ ገዛሁ ብዬ ያሰናበትኳቸውን ሰው መልሼ መለመን ከብዶኝ ስለ ዝናቡ ብዙ አወራሁ። በኋላ እንደምንም አወጣሁት።

«መሪጌታ፣ ያ የድሮው ማንኳኳት... ይቻል ይሆን?»

«በርህ ከመንገዴ ላይ አልተነሳችም እኮ» አሉ። ቀጥለው አዘን አሉ። «ግን አበጀ፣ ምን ቀስቃሽ ያሻሃል? እኔ እኮ በየሌሊቱ ሳልፍ በመስኮትህ ብርሃን አያለሁ። እንደዚህ ያለ ጸሎተኛ ጎረቤት ስለሰጠኝ አምላኬን ሳመሰግን ኖርኩ። ለሰንበቴ ማኅበርተኞች ሳይቀር ምሳሌ አድርጌ ነግሬሃለሁ።»

የስንዴ ዋጋ ነው ልበላቸው? የሺ ግን ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ «መሪጌታ፣ ጸሎቱስ ነበር፣ አሜን የሚለው ሰው ነው የጠፋው» አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «እግዚአብሔር ይማርህ፤ ዛሬ ተኛ» አሉኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቀላል አልነበሩም። እጄ እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ ትራሱን ይዳብሳል። የሺ ስልኩን ሳሎን አስቀምጣ፣ የሳሎኑን በር ቆልፋ፣ ቁልፉን ቀሚሷ ላይ ቋጥራ ትተኛለች። ልቤ ድው ስትል የማይበት ሰዓት ስለሌለ «ጤነኛ ናት» ያለችኝን ዶክተር ድምፅ አስባለሁ። አንድ ሌሊት ፍርሃቱ ጠንቶብኝ የሺን ቀሰቀስኳት፤ ቁልፉን ትሰጠኛለች ብዬ ነበር። እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ «ትመታለች፤ እኔ እቆጥርልሃለሁ፣ አንተ ተኛ» አለች። የት ድረስ እንደቆጠረች አላውቅም፤ ተኝቻለሁ።

ከዚያ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን፣ ከጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ ኳ ኳ ሰማሁ። «አበጀ፣ ነግቷል!» አልነጋም ነበር። ሱሪዬን እየታጠቅኩ አለቀስኩ፤ ለየሺ ጉንፋን ነው አልኳት።

ወሩ ሲሞላ ዶክተሯ ዘንድ ሄድኩ። ግፊቴ ወርዷል፤ ፈጽሞ አልጠፋም፣ አሁንም እየሄድኩ እለካለሁ። ይህን የምለው አንዱ ይህን አንብቦ የእኔም ስልክ ነው ብሎ ቤቱ እንዳይቀር ነው። ልብህ ስትደልቅ መጀመሪያ ልብህን ታይ። ግን ሐኪም ፊት ስትቀርብ የሚያምህን ብቻ አትንገር፤ እንዴት እንደምታድርም ንገር። ከተቻለም አጠገብህ የሚተኛውን ሰው ይዘህ ግባ፤ አንተ የማታውቀውን ያውቃል።

ዲማ ተመልሼ ያኔ የተሳልኩትን ስለት አስገብቻለሁ። ጠበሉ አላዳነህም የሚለኝ ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። በሩ ላይ ላሉት አባት ስልኬን ሳስረክብ «ዋጋው አመለጠኝ፣ ዳንኩ» አልኳቸው። አላስታወሱኝም፤ «ቀጥል፣ የሚቀጥለው!» አሉ።

ዘለቀም መጥቶ ነበር። የቤቱ ነገር እንደቀረ ሲሰማ «ስልኩንስ አትሸጠውም? ገዢ አለኝ» አለ።

አልሸጥኩትም። ቀን ቀን ይሠራል።

ሒሳቡ ሲዘጋ እንዲህ ነው፦ ወይፈኑ ሄዷል፣ አይመለስም። ደጃፉ በአዲስ ሲሚንቶ ተለስኗል። ማንኪያው ታጥቦ ኩሽና ገብቷል። ቤቱ አልተሸጠም። ስልኩ ሳሎን ያድራል። እኔ እተኛለሁ።